ኮረጅሁ እንበል

አምሳል ስሟን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ያየችው ማክሰኞ ጠዋት፣ ተማሪው ገና ለሰልፍ ሳይሰበሰብ ነው። ደባርቅ ጉም ለብሳ ስለነበር ወረቀቱን ለማንበብ መጠጋት አስፈለጋት። «በፈተና ወቅት የኮረጁ ተማሪዎች» ይላል ርእሱ። ከሥሩ አራት ስም ተደርድሯል። ሦስቱ አንድ ወረቀት ሲቀባበሉ የተያዙ ልጆች ናቸው። አራተኛው የእሷ ነው፤ ከጎኑ «ሒሳብ፣ ጥያቄ ስድስት» ተብሎ ተጽፏል።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከኋላዋ የመጡ ልጆች መንሾካሾክ ጀመሩ። አምሳል ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ የክፍል ጓደኞቿ አሥራ ስምንት ቢሞላቸው ነው፤ ለቀልድም ለአክብሮትም «እትዬ አምሳል» ይሏታል። አንዷ ልጅ ክንዷን ይዛ «እትዬ፣ ነይ እንሂድ፣ አትዪው» አለቻት።

«ለምን አላየውም? ስሜ እኮ ነው» አለች አምሳል።

የተወለደችው ከዳባት የአንድ ሰዓት መንገድ ከምታስኬድ ቀበሌ ነው። ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረሰች፣ በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ እንግዳው ለሚባል የቆላ ሰው ተዳረች። እንግዳው ከሊማሊሞ በታች፣ በአዲ አርቃይ በኩል፣ ማሽላና ሰሊጥ የሚያርስ ሰው ነበር። ክፉ ነበር ለማለት አትወድም፤ ሲጠይቋት «እኔ አልፈልገውም ነበር፣ ይኸው ነው» ትላለች። ሦስት ዓመት ኖረች። በሦስተኛው ዓመት አንድ ንጋት ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። መኪና ብትሳፈር የሚያውቃት ሰው ያገኛታል ብላ ፈራችና ያንን ሁሉ ዳገት በእግሯ ወጣችው። እናቷ ቤትም አልሄደችም፤ መልሰው እንደሚሰዷት ታውቃለች። ደባርቅ ቀረች።

እንግዳው ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ላከ። ሁለቴም ወንበር አቀረበች፣ ጠላ ቀዳች፣ የሚሉትን አንገቷን ደፍታ እስከ መጨረሻው ሰማች፣ ከዚያ «አልመለስም» ብላ በር ድረስ ሸኘቻቸው። ኋላ ፍርድ ቤት ፍቺውን አጸደቀላት።

የተቀጠረችው አቶ ትዕዛዙ ቤት ነው። አቶ ትዕዛዙ ደባርቅና ዳባት ላይ ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው ሰው ናቸው። ሁለቱንም ዓይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው ነበር። ባሕር ዳር ያለችው ልጃቸው አምሳልን የቀጠረቻት ምግብ እንድታበስልና ቤት እንድትይዝ ነው። ሰውየውን የቸገራቸው ግን ሌላ ነገር ነበር። አልጋቸው ሥር በሁለት የብረት ሳጥን የታጨቀ የሒሳብ መጽሐፍ አለ፤ የሚያነብላቸው ሰው የለም።

«ማንበብ ትችያለሽ?» አሏት በሁለተኛው ሳምንት።

«ስምንተኛ ጨርሻለሁ፣ ጋሼ።»

«እንግሊዝኛውንስ?»

«ፊደሉን እቆጥራለሁ እንጂ ትርጉሙን አላውቀውም።»

«እኔ አውቀዋለሁ፤ አንቺ ቁጠሪልኝ» አሉ።

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። እሷ ምልክቱን አንድ በአንድ ትጠራለች፤ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና «ቆይ፣ አንድ መስመር ዘለልሽ» ይሏታል። ግራፍ ሲመጣ መስመሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚወርድ፣ የት እንደሚጎብጥ በቃሏ ትነግራቸዋለች። ካልገባት ልትነግራቸው አትችልም፤ ካልነገረቻቸው አያዩትም። ስለዚህ እንዲገባት ማስተማር ግድ ሆነባቸው። በሁለተኛው ዓመት ዘጠነኛ ክፍል አስመዘገቧት። መሐል ላይ ጦርነቱ መጥቶ ትምህርት ቤቱ የተፈናቃይ መጠለያ ሲሆን ትምህርቱ ተቋረጠ። የሁለቱ ንባብ ግን አልተቋረጠም። የመድፍ ድምፅ ከሩቅ በሚሰማበት ሰሞን ካልኩለስ ጀመሩ።

ከሁሉ የወደደችው በተቃርኖ ማረጋገጥን ነው። አቶ ትዕዛዙ ሲያስረዷት «የማታምኝበትን ነገር እውነት ነው ብለሽ ተቀበይው። አትጣዪው፣ አታቋርጪው፤ እስከ መጨረሻው እንዲናገር ፍቀጂለት። ሐሰት ከሆነ ራሱን በራሱ አፍ ያጠፋል» አሏት። አምሳል ይህን ስትሰማ ሳቀች። ሽማግሌዎቹን እንዲያ ነበር የሸኘቻቸው።

ጥያቄ ስድስት እንዲህ ይል ነበር፦ «ኤክስ ኪዩብ ሲደመር ኤክስ ሲቀነስ አንድ ዜሮ የሚሆንበት አንድና አንድ ብቻ ቁጥር እንዳለ አሳዩ።» ክፍሉ ሁሉ ቁጥር እየተካ መልሱን ሲፈልግ አምሳል ስድስት መስመር ጻፈች።

ሁለት መልስ አለው እንበል፣ ብላ ጀመረች። እንዲያ ከሆነ የፋንክሽኑ መስመር በሁለቱም ቦታ ከፍታው ዜሮ ነው። ከዜሮ ተነሥቶ ወደ ዜሮ የሚመለስ፣ ስብራት የሌለበት መስመር መሐል ላይ አንድ ቦታ ጋደም ማለት አለበት፤ ይህ የሮል ቲዎሪም ነው። መስመሩ ጋደም ባለበት ቦታ ዴሪቬቲቩ፣ ማለትም የዳገትና የቁልቁለቱ ልክ፣ ዜሮ ይሆናል። የዚህ ፋንክሽን ዴሪቬቲቭ ግን ሦስት ኤክስ ስኩዌር ሲደመር አንድ ነው። ስኩዌር ከዜሮ በታች አይወርድም፤ አንድ ሲጨመርበት ከአንድ አያንስም። ዜሮ ነው የተባለው ዜሮ መሆን አልቻለም። ስለዚህ ሁለት መልስ አለው ያልነው ሐሰት ነው።

ከአሥር ዜሮ አገኘች፤ ስሟም ተለጠፈ።

የሒሳብ አስተማሪዋን መምህር አለምነህን መምህራን ክፍል አገኘቻቸው። በዕድሜ ከእሷ ቢበልጡ በሦስት ዓመት የሚበልጡ፣ አምስት ክፍል ተጭኖባቸው ሁልጊዜ የሚጣደፉ ሰው ናቸው። ሲሠሩ የነበረውን ሳያቋርጡ አናገሯት።

«ይህን ቲዎሪም አስተምሬያችኋለሁ?»

«አላስተማሩንም።»

«ጊዜ ስላጠረ ዘልየዋለሁ። ያልተማራችሁት ነገር ወረቀትሽ ላይ ከየት መጣ?»

«እርስዎ ዘለሉት እንጂ እኔ አልዘለልሁትም» አለች አምሳል።

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና አዩዋት። «ማን አስተማረሽ ታዲያ?»

«የተፈተንሁት እኔ ነኝ መምህር። የአስተማሪዬ ስም ጥያቄው ውስጥ አልነበረም።»

«እንግዲያው ለኮሚቴ አመልክቺ» አሏትና ወደ ወረቀታቸው ተመለሱ። የዚያኑ ዕለት አመለከተች።

አቶ ትዕዛዙ ነገሩን ሲሰሙ ከዘራቸውን አንሥተው ቆሙ። «ካፖርቴን ስጪኝ። ያርጋል ተማሪዬ ነበር፤ እኔ ፊት እንዲህ አያደርግም።» ያርጋል የሚሏቸው የትምህርት ቤቱን ርዕሰ መምህር ነው።

«አይሄዱም ጋሼ።»

«ምን?»

«እርስዎ ከመጡ የትዕዛዙ ሠራተኛ ናት፣ በሰው አለፈች ይሉኛል። ያን ከሚሉኝ ኮራጅ ቢሉኝ ይሻለኛል።»

አቶ ትዕዛዙ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ተከሉ። «አንቺ ልጅ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ይህ እልህ ነው ወይስ ልክ ነው?»

«ሁለቱም ነው።»

ተቀመጡ። ካፖርቱም ምስማሩ ላይ እንደተሰቀለ ቀረ።

ኮሚቴው የተሰበሰበው ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ነው። አቶ ያርጋል ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጠዋል። በቀኛቸው መምህር አለምነህ፣ በግራቸው ደግሞ በፈተናው ቀን ፈታኝ የነበሩት የባዮሎጂዋ መምህርት ፀጋ አሉ። ለአምሳል ወንበር አልተዘጋጀም። እሷም አልጠየቀችም።

«ያለሽን ተናገሪ» አሉ አቶ ያርጋል።

«ኮረጅሁ እንበል» አለች።

አቶ ያርጋል ቀና አሉ። «አመንሽ ማለት ነው?»

«አላመንሁም። እንበል ነው ያልሁት። ኮረጅሁ ካልን የኮረጅሁበት ቦታ አለ። ቦታው ወይ ክፍሉ ውስጥ ነው፣ ወይ ከክፍሉ ውጭ ነው። ሌላ ቦታ የለም።»

«እሺ፣ ቀጥዪ።»

«ክፍሉ ውስጥ ከሆነ ከሌላ ተማሪ ወረቀት ላይ ነው። መምህር፣ የሃምሳ ስምንታችንን ወረቀት ያረሙት እርስዎ ነዎት። በዚህ መንገድ የመለሰ ሌላ ሰው አለ?»

መምህር አለምነህ ራሳቸውን ነቀነቁ። «የለም።»

«እንግዲህ ከሌለ ወረቀት አይኮረጅም። ከውጭ ነው ካልን ወይ በስልክ ነው፣ ወይ አስቀድሜ ጽፌ ይዤ ገብቻለሁ። ስልክ ነው ካልን፣» አለችና ቁልፏ የተፋፋቀ ትንሽ ስልክ ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ «ያለኝ ይህ ነው። ከመደወል በቀር ሙያ የለውም። እሱም ቢሆን የዚያን ቀን እኔ ዘንድ አልነበረም።»

«ልክ ናት» አሉ መምህርት ፀጋ። «ስልካቸውን ሁሉ በር ላይ የሰበሰብሁት እኔ ነኝ። የእሷን አስታውሰዋለሁ፤ በጎማ የታሰረ ነው።»

«አስቀድማ ጽፋ ይዛ ገብታለች ካላችሁ ደግሞ» አለች አምሳል፣ «ጥያቄውን ቀድሜ አውቄዋለሁ ማለት ነው። መምህር፣ ጥያቄውን ያወጡት እርስዎ ነዎት። ከፈተናው በፊት ከእርስዎ እጅ ወጥቶ ነበር?»

መምህር አለምነህ ፊታቸው ቀላ። ወጥቶ ነበር ካሉ ጥፋቱ የራሳቸው ነው፤ አልወጣም ካሉ ክሱ ይወድቃል።

«አልወጣም» አሉ በመጨረሻ። «በፍጹም አልወጣም።»

«እኔም አምንዎታለሁ። እንዲያ ከሆነ ከክፍሉም አልኮረጅሁ፣ ከውጭም አልኮረጅሁ። ኮረጅሁ ያልነው ሐሰት ነው።»

መምህርት ፀጋ አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ፤ ፈገግታ ይታይባቸዋል። መምህር አለምነህ ግን ተነሡ። የተቆጡ መስለው አልታዩም፤ ነገሩ አሁን ገና የያዛቸው ይመስሉ ነበር።

«ከአንድ መጽሐፍ ላይ ሸምድደሽው ሊሆን ይችላል» አሉ። «ገብቶሽ ከሆነ ይህን መልሺልኝ።» ጥግ ካለው ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ሁለት መስመር ሳሉ፤ አንዱ ከግራ ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ሌላው የመጀመሪያው ካበቃበት ከታች ተነሥቶ ወደ ቀኝ ቀጥ ብሎ ይወጣል። በሁለቱም ላይ እኩል ከፍታ ላይ አንዳንድ ነጥብ አኖሩ። «ይህ ፋንክሽን እዚህ ዜሮ ነው፤ እዚህም ዜሮ ነው። ሁለት መልስ አለው። ባንቺ ቲዎሪም መሠረት መሐል ላይ ዴሪቬቲቩ ዜሮ የሚሆንበት ቦታ መኖር አለበት። የታለ?»

አምሳል ወደ ሰሌዳው ቀረበች። በግራ በኩል መስመሩ በአንድ ልክ ይወርዳል፤ በቀኝ በኩል በአንድ ልክ ይወጣል። ጋደም ያለ ቦታ የለም። ደጋግማ አየችው፤ የለም። ቲዎሪሙ ሐሰት ከሆነ ስድስቱም መስመር ሐሰት ነው፤ እሷም ያልገባትን ነገር የጻፈች ሴት ናት።

«የለም» አለች።

«እንግዲያውስ ቲዎሪምሽ ዋሸ።»

«ይቆዩኝ።»

«ጊዜያችን...» ሲሉ ጀመሩ አቶ ያርጋል።

«ክቡር ርዕሰ መምህር፣ ዜሮ ለመስጠት ጊዜ ነበረ። ለዚህም ይኑር» አለች፤ ዓይኗን ከሰሌዳው አልነቀለችም። አቶ ያርጋል ወደ ወንበራቸው ተደገፉ።

ጮክ ብላ እንደምታነብ ሆና ቲዎሪሙን ከመጀመሪያው በልቧ ጠራችው። አቶ ትዕዛዙ መቼም የማይምሯት የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ስትዘል ነበር፤ ቅድመ ሁኔታው የተጻፈበትን። በሁለቱ ነጥቦች መካከል፣ በእያንዳንዱ ቦታ፣ ዴሪቬቲቭ ያለው ፋንክሽን ከሆነ፤ ይላል። በእያንዳንዱ ቦታ። ጣቷን ሁለቱ መስመሮች በሚገናኙበት ሹል ላይ አኖረች።

«እዚህ ዴሪቬቲቭ የለም» አለች። «ዜሮ ነው ማለቴ አይደለም፤ ጨርሶ የለም። ከግራ ስመጣ ነጌቲቭ ይለኛል፣ ከቀኝ ስመጣ ፖዘቲቭ ይለኛል። እግር የሚያሳርፍ ቦታ የሌለው ገደል ነው፤ ወርደው ሳይጨርሱ መውጣት ይጀምራሉ። ቲዎሪሙ ለእንዲህ ያለ መስመር አልተናገረም፤ ስብራት ለሌለበት ነው የተናገረው። የጥያቄ ስድስት ፋንክሽን ደግሞ አንድም ስብራት የለበትም። ቲዎሪሙ አልዋሸም መምህር። እርስዎ ወዳልሄደበት አገር ወሰዱት።»

መምህር አለምነህ ጠመኔውን አስቀመጡ፤ እጃቸውን አራገፉ።

«ገብቷታል» አሉ ለአቶ ያርጋል። ሌላ ነገር ሳይጨምሩ ተቀመጡ።

አቶ ያርጋል እፎይ አሉ። «ጥሩ፤ ወረቀትሽ ይታረማል። በዚሁ ይለቅ። ስሙን ዛሬውኑ ከሰሌዳው እናነሣዋለን።»

«ብቻውን አይነሣም» አለች አምሳል።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ስሜ ሦስት ቀን ሙሉ ተለጥፎ ስንት ሰው አንብቦታል። ዛሬ ቢነሣ ያነበበው ሰው ዝናብ አነሣው ይላል። ኮራጅ ያለኝ ወረቀት ማኅተም አለው። አልኮረጀችም የሚለውም ማኅተም ይኑረው፤ እዚያው ሰሌዳ ላይ፣ ሦስት ቀን።»

«እንዲህ ያለ አሠራር የለንም።»

«እስኪኖር እጠብቃለሁ።»

ዓርብ ጠዋት ደብተሯን ይዛ ሰሌዳው ሥር ካለው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ስሟ ተነሥቷል፤ ሙጫው የያዘው ጥግ ብቻ ቀርቷል። ትምህርት ሲጀመር ትገባለች፤ በየዕረፍቱ ትመለሳለች። የሚያልፍ ሰው «ምን ትጠብቂያለሽ?» ሲላት «ደብዳቤ» ትላለች። ሰኞም እንዲሁ ዋለች። ከዳባት እናቷ፣ ወይዘሮ ብርሃኔ፣ ደወሉ፤ ወሬው የዳባት ገበያ ደርሷል።

«ልጄ፣ ተዪው። ነጥቡን ከሰጡሽ ምን ቀረሽ? ሰው ይረሳል።»

«የወንድ ስም ነው የሚረሳው፣ እማዬ። ከባሏ የኮበለለች የተባለውን ማን ረሳልኝ?»

እናቷ «ደረጃው ይቀዘቅዛል፤ አንድ ነገር አንጥፈሽ ተቀመጪ» አሉና ዘጉት።

ማክሰኞ ከዕረፍት በፊት መምህር አለምነህ ራሳቸው ሙጫና ወረቀት ይዘው መጡ። ወረቀቱ ሦስት መስመር ነው። ተማሪ አምሳል በጥያቄ ስድስት አለመኮረጇ መረጋገጡን ይናገራል፤ ከግርጌው ክብ ማኅተም አለው። አለጣጠፉ ተንጋደደባቸውና ነቅለው እንደገና ለጠፉት። ከዚያ የፈተና ወረቀቷን ሰጧት። ዜሮው ተሰርዞ ሰባት ተጽፏል።

«ሦስቱ ነጥብስ?» አለች አምሳል።

«ጥያቄው ምን ይላል?»

«አንድና አንድ ብቻ።»

«ከአንድ በላይ እንደሌለው አሳይተሻል። አንድ መኖሩን የት አሳየሽ?»

አምሳል ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። በዜሮ ላይ ፋንክሽኑ ነጌቲቭ አንድ ነው፤ በአንድ ላይ ፖዘቲቭ አንድ ነው፤ ስለዚህ መሐል ላይ ዜሮን ማቋረጡ አይቀርም። አንድ መስመር ነበር፤ አልጻፈችውም። ሳምንት ሙሉ ስትከራከር አንድም ጊዜ አልታያትም።

«ልክ ነዎት» አለች። ቃሉ እንደ ድንጋይ ከብዶባት ነበር የወጣው።

«አንቺም ልክ ነበርሽ» አሉ መምህር አለምነህ። ሙጫውን ጣታቸው ላይ እያሹ ቆሙ። «የዘለልሁትን ትምህርት ተመልሼ ማስተማር አለብኝ። ልጆቹ ከእኔ ይልቅ አንቺን የሚሰሙ ይመስለኛል። ነገ ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ ትይዢልኛለሽ?»

«እይዛለሁ።»

በማግስቱ ሰሌዳው ፊት ቆመች። ስማቸው ከእሷ ጋር የተለጠፈው ሦስቱ ልጆች ኋላ ተቀምጠዋል። ጥያቄ ስድስትን አሁን ሙሉ አድርጋ ሠራችው፤ መጀመሪያ አንድ መኖሩን፣ ቀጥሎ ሁለት አለመኖሩን። ስትጨርስ ከሦስቱ አንዱ፣ ታደለ የሚባለው፣ እጁን አወጣ።

«እትዬ፣ ሁለት እንበል ነው ያልሽው። ሦስት ቢሆንስ?»

ክፍሉ ሳቀ። አምሳል አልሳቀችም።

«ሦስት ነው እንበል» አለችና ጠመኔውን ዘረጋችለት። «ና፣ አንተው ጨርሰው።»

ታደለ እያፈረ ወጣ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ነጥብ አኖረ፤ አያቸው። ከዚያ አንዱን በእጁ ሸፈነውና «ለካ ሁለቱ ይበቃሉ» አለ።

አምሳል በዚያ ዓመት ብሔራዊ ፈተናውን ለጥቂት አለፈች፤ ሒሳብ አጥንታ ዛሬ ዳባት ላይ ታስተምራለች። አቶ ትዕዛዙ ጎንደር ተወስደው የአንደኛው ዓይናቸው ሞራ ተገፎላቸዋል። አሁን መጽሐፋቸውን ራሳቸው ያነባሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደች ተቀምጣ ታዳምጣቸዋለች፤ መስመር ሲዘሉ ታስቆማቸዋለች።